ረኀብ አሠልጣኝ አይደለም

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ካፖርቱን ማውለቅ ነው፤ ቀጥሎም ጥላ ያለበት ሻይ ቤት ፈልጎ ይቀመጣል፤ ደጋው በአንድ ጊዜ ቆላ ይሆንበታልና። እኔም በቅርቡ በዚያ ሳልፍ ይህንኑ አደረግሁ። በሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወጣቶች፥ አንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ፥ ሁለተኛው ገና ተማሪ፥ አንዲት ስልክ በመካከላቸው አስቀምጠው በብርቱ ይከራከሩ ነበር። የሚመለከቱት በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የተደረገውን የሴቶች የቦክስ ግጥሚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የክርክሩም ጕዳይ ኢም ኤ ጂ የተባለችው የደቡብ ኮሪያ ቦክሰኛ በ2028 በሎስ አንጀለስ ወርቅ ታገኛለች ወይስ አታገኝም የሚል ነበር።

ሠራተኛው፥ «አታገኝም» አለ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ «ቦክስ የተራበ ሰው ሥራ ነው። የዱሮዎቹ ኮሪያውያን ርቧቸው ስለ ነበር ዓለምን አሸነፉ። ዛሬ ጠግበዋል፤ የጠገበ ሰው ደግሞ ፊቱን ለቡጢ አይሰጥም» አለ። ተማሪውም ነገሩ የረኀብ ሳይሆን የትምህርትና የልምምድ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም አልተሸናነፉም።

ይህን ጊዜ ሻይ የሚያቀርበው ልጅ ጣልቃ ገባ። ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ወይም ዐሥራ ሰባት ቢሆን ነው። ጧት ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ ሻይ ያቀርባል። ከሻይ ቤቱ በስተኋላ ካለችው ዛፍ ላይ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ሰቅሎ ማታ ማታ በባዶ እጁ ሲጠልዘው እንደሚያመሽ ነገሩኝ። ልጁ ትሪውን እንደ ያዘ ወደ እኔ ዞር ብሎ፥ «ጋሼ፥ ቦክሰኛ የሚያደርገው ረኀብ ከሆነ፥ ታዲያ እኔ ምን ጐደለኝ?» አለኝ።

ሁሉም ሣቁ። ልጁ ግን አልቀለደም ነበር። እኔም የሚሆን መልስ በአፌ ስላልመጣልኝ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

ልጅቱ ማን ናት?

ኢም ኤ ጂ በ1999 የተወለደች ናት። ኮሪያውያን የቤተ ሰብ ስማቸውን ስለሚያስቀድሙ ወይዘሪት ኢም ብንላት እንደ አገሯ ልማድ ነው። በ2017 በሕንድ አገር በተደረገው የወጣት ሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በ60 ኪሎ ወርቅ ስታገኝ በአገሯ ትልቅ ተስፋ ተጣለባት። ነገር ግን ተስፋና ፍሬ አንድ አይደሉም። በ2021 በተደረገው በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ57 ኪሎ ገብታ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈች። በ2023 በቻይና በሀንጆ በተደረገው የእስያ ጨዋታ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ፓንግ ቾል ሚ የምትባል የሰሜን ኮሪያ ቦክሰኛ አሸነፈቻት። በዚያን ጊዜ «ይህች ልጅ አበቃላት» ያለ ሰው ቢኖር ብዙ ባልተፈረደበት ነበር።

ፓሪስ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሴቶች 54 ኪሎ በዚያ ኦሊምፒክ አዲስ የተጨመረ ክብደት ነበር። ወይዘሪት ኢም በቶኪዮ ከእርሷ ከሚገዝፉ ጋር ትገጥም የነበረችው በፓሪስ ከትክክለኛ አቻዎቿ ጋር ተገናኘች። ሁለት ግጥሚያ አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። በዚያም ሃቲጄ አክባሽ ከተባለች ቱርካዊት ጋር ሦስት ዙር ተፋልማ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈች፤ ሁለት ዳኞች ለእርሷ፥ ሦስት ዳኞች ለቱርካዊቱ ፈረዱ። በኦሊምፒክ ቦክስ ደንብ በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ ስለሚያገኙ ነሐሱን ወሰደች። ይህም ለኮሪያ ሴት ቦክሰኛ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነው። ወንዶቹም ቢሆኑ ሃን ሱን ቹል በ2012 በሎንዶን ብር ካገኘ ወዲህ አንድም ሜዳልያ ለአገራቸው አላመጡም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የሽልማቱ ሰዓት ነበር። ሌላውን ነሐስ ያገኘችው ከአንድ ዓመት በፊት ያሸነፈቻት የሰሜን ኮሪያዋ ፓንግ ቾል ሚ ነበረች። ወርቁ የቻይናዋ የቻንግ ዩዋን፥ ብሩ የአክባሽ ሆነ፤ ሁለቱ ኮሪያውያት በአንድ መድረክ ላይ ነሐሳቸውን በአንገታቸው አጥልቀው ቆሙ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሥዕል እንደ ባዕድ ልናየው አንችልም። ከ1951 ጀምሮ በየተራ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች ከ6,000 ይበልጡ ነበር፤ ከእነርሱም ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ጦርነቱ በ1953 በተኵስ አቁም ሲያበቃ አገሪቱ ለሁለት እንደ ተከፈለች ቀረች። የቃኘው ሻለቃ የተዋጋላት ኮሪያ የፈራረሰችና የተራበች ኮሪያ ነበረች። የሻይ ቤቱ ወዳጃችን «የዱሮዎቹ ኮሪያውያን ርቧቸው ነበር» ሲል እውነቱን ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የተራበችው ኮሪያ

ሙግቱን በሚገባ ለመመርመር መጀመሪያ የሚረዳውን ማስረጃ ሁሉ እንስጠው።

የኮሪያ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ኪም ኪ ሱ ይባል ነበር። በ1939 በሰሜን ተወልዶ በጦርነቱ ዘመን ወደ ደቡብ የተሰደደ ልጅ ነው። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ተካፍሎ ኒኖ ቤንቬኑቲ የተባለው ኢጣልያዊ አሸነፈው፤ ቤንቬኑቲም በዚያው ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሁለቱ እንደገና በሴኡል ተገናኙ። በዚያን ጊዜ ቤንቬኑቲ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ በገንዘብ መግጠም ከጀመረ ወዲህም 65 ጊዜ ገጥሞ አንድ ጊዜም አልተሸነፈም። ቀኑ ጁን 25 ቀን 1966 ነበር፤ የኮሪያ ጦርነት የተነሣበት ዕለት ልክ 16 ዓመት ሲሞላው ማለት ነው። 15 ዙር ከተፋለሙ በኋላ ሁለት ዳኞች ለኪም፥ አንዱ ለቤንቬኑቲ ፈረዱ። ስደተኛው ልጅ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከእርሱም በኋላ ሆንግ ሱ ህዋን መጣ። በ1974 ደርባን ድረስ ሄዶ የደቡብ አፍሪቃውን ቦክሰኛ አርኖልድ ቴይለርን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያን ክብር ካጣ በኋላ በኖቬምበር 1977 በፓናማ ኤክቶር ካራስኪያ ከተባለ፥ ተሸንፎ ከማያውቅ ጐልማሳ ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ዙር አራት ጊዜ ወደቀ፤ አራት ጊዜም ተነሣ። በሦስተኛው ዙር ግን ካራስኪያን በዝረራ አሸነፈው። ኮሪያውያን ይህን ግጥሚያ እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው ይተርኩታል። አራት ጊዜ ወድቆ መነሣት የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአገራቸው ታሪክ መስሎ ስለ ታያቸው ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ ጃንግ ጆንግ ኩ የዓለም ክብሩን 15 ጊዜ፥ ዩ ሚዮንግ ዉ 17 ጊዜ በተከታታይ አስከበሩ። በ1986 በሴኡል በተደረገው የእስያ ጨዋታ ኮሪያ ካሉት 12 የቦክስ ወርቆች 12ቱንም ጠራርጋ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ኮሪያ እየበለጸገች ስትሄድ ቦክሰኞቿ እያነሱ ሄዱ። ከ1988 ወዲህ በኦሊምፒክ ቦክስ አንድም ወርቅ አላገኘችም። ጂ ኢን ጂን የተባለው ሻምፒዮን በ2007 ክብሩን ትቶ ወደ ሌላ ዐይነት ፍልሚያ ከሄደ በኋላ በታላላቆቹ የዓለም የቦክስ ማኅበሮች ዘንድ ሻምፒዮን የሆነ ኮሪያዊ ወንድ አልታየም። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒኮች አንድ ኮሪያዊ ወንድ ቦክሰኛ እንኳ ለውድድር አልበቃም። በጃንዋሪ 2025 ኪም ዬ ጁን በቶኪዮ የዓለሙን ሻምፒዮን ናኦያ ኢኖዌን ለመግጠም ዕድል ቢያገኝ በአራተኛው ዙር በዝረራ ወደቀ።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ በተራቡ ጊዜ አሸነፉ፥ በጠገቡ ጊዜ ተሸነፉ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። እኔ ግን ትንሽ ቈም ብለን እንድናስብ እለምናለሁ።

ሙግቱ የሚፈርሰው በማን ነው?

አስቀድሞ ኢኖዌ የየት አገር ሰው እንደ ሆነ እንጠይቅ። ኢኖዌ ጃፓናዊ ነው። ጃፓን ከኮሪያ ቀድማ የበለጸገች አገር ናት። መጥገብ ቡጢን የሚያደክም ቢሆን ኖሮ የጃፓን ቡጢ ከኮሪያ አስቀድሞ በደከመ ነበር። ኢኖዌ ግን በ2022 በአንድ ክብደት፥ በ2023 ደግሞ በሌላ ክብደት አራቱን የዓለም ቀበቶዎች ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ። ይህ እንዴት ሆነ? ጃፓን ከ1952 ጀምሮ ቦክስን የሚያስተዳድር ኮሚሽን አላት። ከ1962 ጀምሮ በቶኪዮ ኮራኩዌን አዳራሽ የሚባል፥ ቦክስ ዘወትር የሚታይበት ቤት አላት። ለጀማሪዎች ብቻ የተለየ ዓመታዊ ውድድር አላት፤ ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ገጥሞ አንድ ደረጃ ይወጣል እንጂ በአንድ ቀን ከአንበሳ ፊት አይጣልም። ጃፓናውያን ሲጠግቡ መሰላላቸውን አላፈረሱም።

ቃሉን ከጠራሁት ዘንድ ላስረዳው። መሰላል የምለው ይህን ነው፤ የሚያሠለጥን ሰው፥ የሚለማመዱበት ቤት፥ አቻ የሆነ ተጋጣሚ፥ የግጥሚያ ብዛት፥ የማያዳላ ዳኛ፥ «በቃ» የሚል ሐኪም፥ ቦክሰኛው በዚያ ጊዜ የሚበላው እንጀራ። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ወጣቱ ከዚያው ጎዶሎ ላይ ይወድቃል።

የተራበችው ኮሪያ ይህ መሰላል ነበራት። ኪም ኪ ሱ ከስደት በቀጥታ ወደ ሻምፒዮንነት አልዘለለም። በ1958 በቶኪዮ የእስያ ጨዋታ ወርቅ አግኝቶ ነበር። በሮም ተሸንፎ ተምሯል። በ1961 የገንዘብ ቦክስ ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ ተጋጥሟል። ቤንቬኑቲ ወደ ሴኡል እንዲመጣ ሲፈለግም በውጭ ገንዘብ ለሚከፈለው ዋጋ መንግሥት ዋስ ሆነለት፤ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂም ራሳቸው መጥተው ግጥሚያውን ተመለከቱ። ይህ ሁሉ መሰላል እንጂ ረኀብ አይደለም። ረኀብ ልጁን ወደ ቦክስ ቤት ደጃፍ ያደርሰው ይሆናል፤ ደጁን የሚከፍትለት ግን ሌላ ሰው መሆን አለበት። በዓለም ላይ የተራበ ሕዝብ ብዙ ነው፤ ሻምፒዮኖቹ ግን ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱ ረኀብ ብቻ ቢሆን ቍጥሩ እንዲህ ባልተራራቀ ነበር።

ታዲያ ኮሪያ በበለጸገች ጊዜ ምን ሆነ? በእኔ አስተያየት መሰላሉ ተረሳ። በ1982 የቤዝቦል፥ በ1983 የእግር ኳስ የገንዘብ ውድድር ተቋቋመ። ብርቱ ክንድና ፈጣን እግር ያለው ልጅ ፊቱ ሳይቈስል የሚከበርበት ሌላ መንገድ አገኘ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ማንም ሊያዝንበት አይገባም። ነገር ግን ለቦክስ የቀሩትን ጥቂቶች የሚያሳድግ አዲስ ዘዴ በጊዜው አልተበጀም። ግጥሚያ ሲያንስ ተመልካች ያንሳል፥ ተመልካች ሲያንስ ገንዘብ ያንሳል፥ ገንዘብ ሲያንስ አሠልጣኙ ቤቱን ይዘጋል። ጥጋብ ያልነው በእውነት የመሰላል መፍረስ ነው።

የረኀብ ዋጋ

ረኀብን እንደ አሠልጣኝ የሚያመሰግን ሰው ዋጋውንም ማወቅ ይገባዋል።

ኪም ዱክ ኩ የተባለ ኮሪያዊ ቦክሰኛ ድኻ ሆኖ ያደገ፥ በዓለም ዘንድ እምብዛም ያልታወቀ ጐልማሳ ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1982 በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከሻምፒዮኑ ከሬይ ማንሲኒ ጋር ገጠመ። ወደ ኋላ ማለትን አላወቀም፤ እስከ 14ኛው ዙር ድረስ ቡጢ እየተቀበለ ቡጢ ሰጠ። በ14ኛው ዙር ወደቀ። ከወደቀበትም ተነሥቶ ጥቂት ቈይቶ ራሱን ሳተ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በሐኪም ቤት ሞተ። ከዚህ ሞት የተነሣ ከዓለም የቦክስ ማኅበሮች አንዱ የሻምፒዮና ግጥሚያን ከ15 ዙር ወደ 12 ዙር ዝቅ አደረገ፤ ሌሎቹም በኋላ ተከተሉት። የዚያ ወጣት ልብ አልጐደለም፤ ቈራጥነቱም አልጐደለም። የጐደለው «ልጄ ሆይ፥ ይበቃሃል» የሚል ደንብና የሚል ሰው ነው። ረኀብ ይህን ቃል መናገር አይችልም። ረኀብ የሚያውቀው ቃል «ቀጥል» የሚለውን ብቻ ነው።

ግለ ሰብ ብቻ ሳይሆን አገርም ይራባል። በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክን ባዘጋጀች ጊዜ ፓርክ ሲ ሁን የተባለው ኮሪያዊ ከአሜሪካዊው ከሮይ ጆንስ ጋር ለወርቅ ገጠመ። ጆንስ በግልጽ በለጠ፤ ሦስት ዳኞች ግን ለኮሪያዊው ፈረዱ። ዓለም ሁሉ ተቈጣ። የዚያ ኦሊምፒክ ምርጥ ቦክሰኛ የሚያገኘው ዋንጫም ለተሸናፊው ለጆንስ ተሰጠ። በሚቀጥለው ኦሊምፒክ በ1992 የዳኞች ነጥብ በኮምፒዩተር እንዲቈጠር ተደረገ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የፓርክ ዕጣ ነው። ባልጠየቀው ፍርድ ዕድሜውን ሙሉ ዐፈረ። በ2023 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ወርቁን በጆንስ እጅ አስቀመጠለት። የሜዳልያ ረኀብ የያዘው አገር ልጁን ያከበረ መስሎት ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሸክም አሸከመው።

የባዶ እግር ነገር

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ኪም ኪ ሱ በተሸነፈበት በዚያው በሮም ኦሊምፒክ፥ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኰንድ አሸነፈ። ዓለም እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ባዶ እግሩ ነው። እኛም ሳናውቀው ይህንኑ ወሬ ተቀብለናል፤ «ጫማ እንኳ ሳይኖረው አሸነፈ» እያልን ድኽነትን የድል እናት አስመስለናታል።

እስቲ እውነቱን እንመርምር። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ደመወዝ ነበረው፤ ምግብ ነበረው፤ የሚለማመድበት ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ሰዓት ይዞ እየለካ ያሠለጥነው ነበር። እግሩ ባዶ ይሁን እንጂ ከእግሩ በታች መሰላል ነበር። ከዚያስ በኋላ? ከአራት ዓመት በኋላ በ1964 በቶኪዮ አበበ ጫማ አድርጎ ሮጠ። በዚያን ጊዜ የዓለም ዝና ነበረው፤ ከውድድሩም ጥቂት ሳምንት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኰንድ ሆነ። ጫማ ያደረገው አበበ ባዶ እግሩን ከሮጠው አበበ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ!

ይህን ቍጥር ለሻይ ቤቱ ወዳጃችን አቀርብለታለሁ። ጫማው አበበን አላበላሸውም። ክብርና ደመወዝም አላሰነፉትም። የሚያሰንፈው ጥጋብ ሳይሆን ዓላማ ማጣት ነው፤ ዓላማ ደግሞ ለጠገበም ለተራበም ይሰጣል።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ። አገራችን እስከ ፓሪስ ድረስ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳልያዎች ሁሉ በሩጫ፥ ማለት በአትሌቲክስ የተገኙ ናቸው። ቦክሰኞቻችን በልዩ ልዩ ጊዜ በኦሊምፒክ ቢሰለፉም ሜዳልያ ይዘው አልተመለሱም። ክንዳችን ከእግራችን ስለ ሰነፈ ነውን? አይደለም። ለሩጫ በጊዜ ብዛት መሰላል ተበጅቷል፤ ክለብ አለ፥ አሠልጣኝ አለ፥ ከቀበሌ ሜዳ እስከ ዓለም ሻምፒዮና የሚያደርስ የታወቀ መንገድ አለ። ለቦክስ ግን ይህ መንገድ ተቈርጦ ተቈርጦ ይገኛል።

ታዲያ ወይዘሪት ኢም ታሸንፋለች?

ክርክሩን ሳልፈርድ ብተወው አንባቢ አይወድልኝም። እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ወይዘሪት ኢም በሎስ አንጀለስ ሜዳልያ ልታገኝ ትችላለች፤ ወርቁ ግን ይከብዳታል። የሚከብዳትም ስለ ጠገበች አይደለም።

የሚረዷት ነገሮች አሉ። በፓሪስ ለፍጻሜ ሳትደርስ የቀረችው በአንድ ዳኛ ድምፅ ነው። በ2028 ዕድሜዋ 29 ይሆናል፤ ይህም ለቦክሰኛ ጉልበትና ብልኀት የሚገናኙበት ዕድሜ ነው። ሁለት ጊዜ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸንፋ ሦስተኛውን ጊዜ መድረክ ላይ መውጣቷ ከሽንፈት መማር እንደምታውቅ ይመሰክራል። የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2025 ቦክስ በሎስ አንጀለስ እንዲቀጥል፥ ሴቶችም ከወንዶች ጋር እኩል ሰባት ክብደት እንዲኖራቸው ወስኗል። የሴቶች ቦክስ በኦሊምፒክ የተጀመረው ገና በ2012 መሆኑን ስናስብ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

የሚያደናቅፏትም አሉ። እስከ ፓሪስ ድረስ በአገሯ ብሔራዊ የስፖርት በዓል የሴቶች ክብደት ጥቂት ስለ ነበረ፥ የራሷ 54 ኪሎ ጠፍቶ በ60 ኪሎ ትገጥም ነበር። ልብ በሉ! በዓለም ከሦስተኛ ደረጃ የምትቆም ቦክሰኛ በአገሯ ውስጥ አቻ የምታገኝበት ክብደት አልነበራትም። ቻይናና ቱርክ ግን ለአንዲት ቦክሰኛ ብዙ አቻዎችን ያሰልፋሉ፤ ልጅቱ በልምምድ ቤት ውስጥ የምትገጥማት ባልንጀራዋ ነገ በዓለም መድረክ ከምትገጥማት አታንስም። በዚህ ምክንያት፥ የሴኡል ሹማምንት ይህን መሰላል ካበጁላት ወርቁ ይቀርባታል፤ ካላበጁላት ግን አሥር ጊዜ ብትራብ አያመጣላትም።

ለልጁና ለሹሙ

አሁን ለዚያ ትሪ ለያዘው ልጅ መልሴን ልስጥ።

ወንድሜ ሆይ፥ አንተ የጐደለህ ምንም የለም፤ የጐደለው በዙሪያህ ነው። ይህን የምልህ ልብህን ለመስበር አይደለም። ችግርህን ግን እንደ ሀብት አትቍጠረው፤ ማንም ሰው «መራብህ ያሸንፍልሃል» ቢልህ አትመነው፤ በአንተ ደም መዝናናት የሚፈልግ ሰው ነው። ከዛፉ ላይ የሰቀልኸውን ጆንያ አውርደህ አሸዋውን ድፋና አሮጌ ጨርቅ ሙላበት፤ አሸዋው ሲጠጥር የእጅህን አጥንት ይሰብርሃል። እጅህንም በጨርቅ ጠቅልል። ሊማሊሞን የመሰለ ዐቀበት አጠገብህ ስላለ ትንፋሽህን በዚያ ላይ አሠልጥን፤ ይህን መለማመጃ ብዙ አገሮች በገንዘብ አያገኙትም። ነገር ግን ሐኪም፥ ዳኛና ተገቢ ጓንት በሌለበት ቦታ ከማንም ጋር አትግጠም፤ ራስህንም አታስመታ። ጧት የምትሄድበትን ትምህርት ቤት ስለ ቦክስ ብለህ አትተው። ክንድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይደክማል፤ የተማረ ራስ ግን ይቈያል።

ለእናንተም፥ በየወረዳው የወጣቶችና የስፖርት ሥራ በእጃችሁ ለገባ ወጣት ሹማምንት፥ ጥቂት ቃል አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ያልቈየን እኛ ብዙ ጊዜ ዘገባ ስንጽፍ «በወረዳው እምቅ ተሰጥዎ አለ» ብለን እንጨርሳለን። ተሰጥዎ ሳይኖር የቀረበት ወረዳ መቼ ታየ? ጥያቄው ለተሰጥዎው ምን አዘጋጀንለት የሚለው ነው። ለአንድ ወረዳ ትልቅ አዳራሽ ያስፈልገዋል አልልም። አንድ ደንቡን የሚያውቅ አሠልጣኝ፥ ሁለት ጥንድ ጓንትና የራስ መከላከያ፥ በግጥሚያ ቀን ከጤና ጣቢያ የሚመጣ አንድ ባለሙያ፥ ልጆች በክብደታቸው ተለይተው የሚጋጠሙበት አንድ የተወሰነ ቀን፥ ከወረዳው ያሸነፈው ወደ ዞን፥ ከዞን ያሸነፈው ወደ ክልል የሚያልፍበት ሥርዐት ይበቃል። ሴቶች ልጆችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይቈጠሩ፤ ኮሪያ ወንዶቿ ባጡት ጊዜ ሜዳልያውን ያመጣችላት ሴት ልጇ መሆኗን አንርሳ። ይህን ማድረግ ካልቻልን ደግሞ እውነቱን ለልጆቹ እንንገራቸው፤ ባዶ ተስፋ ከባድ ቡጢ ነው፥ ዳኛም አይቈጥረውም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። ከዛፍ ጥላ ሥር ጆንያ የሚጠልዘው ልጅ ዛሬ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻውን ተሸክሟል። ወደ ዛሪማ ዳግመኛ ስወርድ «ጋሼ፥ ታዲያ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ እንደ በፊቱ ሒሳቤን ከፍዬ ዝም ብዬ መውጣት አልፈልግም።